የእርቅ ሣር

ኦላና አቃቂ ጣቢያ ለባቡር ውሃ ሲሞላ ጸጉሩ የሸበተ፣ ሰው ሳይጠረጥር ውሎ የማያውቅ ሰው ነበር። ያን ቀን ግን አይፈረድበትም። አንድ ልጁ ፈየራ ወታደር ነው፤ ከተማው ጦር ሰፈር ሆኖ ወደ ድንበር የሚዘምትበትን ቀን ይጠብቃል።

ረፋዱ ላይ በራቸው በእርሳስ ማኅተም የታሸገ ፉርጎዎች መጥተው ለውሃ ቆሙ።

«ምን ጭነው ነው ጌታው?» አለ ኦላና።

«ስንዴ» አሉት የጣቢያው ሹም አቶ ወልደሚካኤል። «ለጎረቤት አገር ነው። እኛ ስንዴ እንሰጣለን፣ እነሱ ጦራቸውን ከድንበር ያነሳሉ። በሰላም ከደረሰ ያንተም ልጅ አይዘምትም።»

ነገሩ ለኦላና አልጣመውም። ጠመንጃ ለደገነብህ ሰው እህል ይላካል እንዴ? መንግሥትስ ከመቼ ወዲህ ነው ለውሃ ቀጂ እውነቱን የሚናገረው? ጥይት ቢሆንስ? ያልጠረጠረ ተመነጠረ አለና፣ ሹሙ ቢሮ ሲገቡለት የመጨረሻውን ፉርጎ ማኅተም በጉጠት ቆርጦ ገባ። አንዱን ጆንያ በቢላ ሸረከተው።

ስንዴ ነው። እሱ ቤት ገብቶ የማያውቅ፣ ጥሩ ነጭ ስንዴ።

ኦላና አፈረ። ለእርቅ የሚሄድ እህል ቀዶ ዝም ብሎ መውጣት ደግሞ በወገኖቹ ዘንድ ነውር ነው። እርቅ የሚለምን ሰው እርጥብ ሣር ይይዛልና፣ ከሐዲዱ ዳር ሣር ነጭቶ ቀዳዳው ላይ ጎዘጎዘ። «እርቁን ያጽናልን» ብሎ በሩን ዘጋ፤ ማኅተሙንም በሽቦ አስሮ ደህና አስመሰለው። ደስ ብሎት ነበር፣ ሞኝ!

ከጥቂት ቀናት በኋላ ፉርጎዎቹ ስንዴያቸውን እንደያዙ ከድንበር ተመለሱ።

«ጎረቤቶቻችን ሲረከቡ ማኅተም ተሰብሮ፣ ጆንያ ተቀዶ፣ ሣር ተጎዝጉዞበት አገኙ» አሉ አቶ ወልደሚካኤል በንዴት። «‹መርዘውታል› ብለው አንዲት ፍሬ አንነካም አሉ። ውሉ ፈረሰ። እንዴት ያለ ጠላት ነው ይህን የሠራው?»

ኦላና ሣሩ የሰላም ነው ሊል አፉን ከፈተ። ከዚያ ወደ ውሃ ቧንቧው ዞረ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባላል፤ ዳዋው የገዛ ልጁ ነበር።

ወዲያው የወታደሮች ባቡር መጣ። ፈየራ በመስኮት ብቅ አለ።

«አባባ! እንደ ልማዳችን ሣር ይዘው ይመርቁኝ እንጂ!»

ኦላና ጎንበስ አለ። ሣሩ ያው የሐዲዱ ዳር ነው፤ ያኔ የነጨበት ቦታ ገና አልበቀለም። ጨበጠው፣ መልሶም ለቀቀው። ባቡሩ ጮኸ፤ ቀና ሲል ፈየራ መዳፉን እንደ ዘረጋ ሲሄድ አየው።