ኖራ የነካው ጣት

«በጸሎት መሃል እጁን የሚያወጣው ማነው?» አሉ አክስት ሶለዳድ ወደ ናዬሊ ጆሮ ጎንበስ ብለው።

«ኔፍታሊ ነው፣ የክፍሌ ልጅ። የመቁጠሪያ ጸሎት ደግሞ አያውቅም፤ የቱ ጋ እንደደረስን ሊጠይቅ ነው።»

«ጉድ እኮ ነው! ክፍል ውስጥ መሰለው?» ሳቃቸውን በመሀረብ አፈኑት።

የናዬሊ አባት ዶን ኤሌውቴሪዮ ከተቀበሩ ዘጠነኛ ቀናቸው ነው። እንደ ወጋቸው ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ሳሎኑ ወለል ላይ በኖራ ዱቄት የተሠራው መስቀል ዛሬ ተጠርጎ ይነሳል፤ ለቀስተኛውም ይበተናል። ሃያ ሁለቱ የክፍል ጓደኞቿ አንድም ምሽት አልቀሩም። ከሁለት ዓመቱ ኮሌጅ ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመዘዋወር አብረው የተማሩ፣ አንዱ ሲደክም ሌላው እየጎተተው እዚህ የደረሱ ልጆች ናቸው። ሁሉም ተቀባይነት አግኝተዋል። ለዩኒቨርሲቲው መልስ የሚሰጥበትን «እመጣለሁ» የሚለውን ቁልፍ ግን በአንድ ቀን፣ አብረን እንጫነዋለን ተባብለው ነበር። የመጨረሻው ቀን ዛሬ ነው፤ ናዬሊ ደግሞ ሐሳቧን ቀይራለች። የተቀበላት ዩኒቨርሲቲ ያለበት ዴቪስ የሦስት ሰዓት መንገድ ነው፤ እናቷን ለማን ትታ ትሂድ?

አባቷ ኮሌጁን የረገጡት አንዴ፣ በወላጆች ምሽት ነው። የኮክ እርሻውን ውሃ ሲያጠጡ ውለው ከነጭቃ ቦቲያቸው መጡ። መምህርቷ ወላጆቹን በየተራ «የሚያስፈራችሁ ምንድነው?» ብላ ስትጠይቅ፣ ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ እያዞሩ «ተምራ ስትመጣ የምናወራው እንዳናጣ» አሉ። ናዬሊ ያኔ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን እራት ላይ «ዛሬ ምን ተማርሽ?» ሳይሉ አንድ ቀን አላለፈም። ስለ አፈር ጨው የተማረችውን ስትነግራቸው «ይሄን የጻፈው ሰውዬ አካፋ ይዞ አያውቅም» ብለው ይከራከሯታል፤ ምግቡ ይቀዘቅዛል። ያ ክርክር አሁን ናፍቋታል።

ጸሎቱ አበቃ። መስቀሉን የሚያነሱትን የምትመርጠው እናቷ ዶኛ ኤልቪራ ናት፤ ዘመዶቿን አልፋ ወደ ልጆቹ ዞረች።

«ዘጠኝ ቀን ጉልበታችሁ እስኪላጥ ተንበርክካችኋል። እናንተ አንሱት።»

ከልጆቹ አራቱ የመስቀሉን ራስ፣ ሁለቱን ክንዶችና እግሩን ጠርገው ኖራውን ወደ መቃብሩ የሚወሰድበት ትንሽ ሣጥን ውስጥ ጨመሩ። መሃሉን፣ የልቡን ቦታ፣ ናዬሊ በእጇ አፈሰችው። ኔፍታሊ ኮምፒውተሩን ከፍቶ አጠገቧ ቁጭ አለ።

«ካንቺ በፊት ማንም አልተጫነውም» አላት።

«ተጫኑት በቃ! እኔ እማዬን ብቻዋን ጥዬ አልሄድም።»

«ማንን ነው ብቻዋን የምትዪው?» አለች እናቷ። «ሶለዳድ ከነምላሷ እዚህ አለችልኝ አይደል?»

«ምን አልሽ አንቺ?» አሉ አክስትየው፤ ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

እናቷ ግን የናዬሊን ጉንጭ ያዘች። ዓይኖቿ እንባ አቅርረዋል። «እራት ላይ ትደውያለሽ። ዛሬ ምን ተማርሽ እያልኩ እኔ እጠይቅሻለሁ። እኔም ብሆን የምናወራውን ማጣት አልፈልግም።»

ናዬሊ «እመጣለሁ» የሚለውን ተጫነች። ሃያ ሁለቱም ስልካቸውን አውጥተው ተከተሏት።

የኮምፒውተሩ ቁልፍ ላይ የጣቷ አሻራ ነጭ ሆኖ ቀረ። ኔፍታሊ በእጅጌው ሊጠርገው ሲል እጁን ያዘችው።

«ተወው» አለችው። «ትንሽ ይቆይ።»