በኬክ ምድጃ የተጋገረው የመኪና መብራት

ጋቻንጃ ከመዘምራኑ ከቀረ አንድ የዝናብ ወቅት አለፈ። ሊሙሩ ከተማ ውስጥ የእሱን ወፍራም ድምፅ የሚተካ ሰው አልተገኘም። ልምምዱ ግን የሚጀመረው ሲመሻሽ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ጉሙ ከሻይ ማሳው ተነሥቶ መንገዱን ይውጠዋል። «ዓይኔ ከዳኝ» አለና የፒክአፕ መኪናውን ቁልፍ ምስማር ላይ ሰቀለ። ከዚያ ወዲያ ማታ ማታ ወንበሩ ላይ ኩርምት ብሎ ዝም ነው።

ልጁ ዋሩጉሩ ኬክ እየጋገረች የምትሸጥ፣ ዝም ያለ ቤት የማትወድ ሴት ናት። እየጎተተች ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። ሐኪሟ መርምራ መርምራ፣ «አባት፣ እርስዎማ ከእኔ ይሻላሉ» ብላ ሳቀች።

ዋሩጉሩ ቤት እንደደረሱ ፒክአፑ ፊት ቆመች። የመብራቶቹ መስታወት እንደ አጫሽ ጥርስ ቢጫ ሆኗል። ብታበራው ጭል ጭል አለ።

«አባዬ! ያረጀው ያንተ ዓይን አይደለም፤ የሱ ነው!»

ናይሮቢ ወርዳ ከመለዋወጫ ሻጮች ሁለት ፕሮጀክተር ሌንስ ገዛች። ብርጭቆው እንደ ግማሽ ብርቱካን ጉብ ያለ፣ ብርሃኑን ሰብስቦ መንገዱ ላይ የሚያነጥፍ ነው። አሠራሩን ከስልኳ ላይ ደጋግማ አየች። ቅዳሜ ጠዋት ካቻቢቴ ይዛ መብራቶቹን ነቀለችና ወደ ማድ ቤት ይዛቸው ገባች።

«ምን ልታደርጊያቸው ነው?» አለ ጋቻንጃ ከኋላ ከኋላዋ እየተከተለ።

«ልጋግራቸዋ! ማጣበቂያው ካልሞቀ መስታወቱ አይላቀቅም።»

«ስኳርስ አይገባበትም?»

«አባዬ፣ አትቀልድ። ጓንትህን አጥልቅ።»

ምድጃውን ለስለስ ባለ ሙቀት አድርጋ አንዱን መብራት ከተተች። ሲወጣ ጥቁሩ ማጣበቂያ እንደ ማስቲካ እየተለጠጠ መስታወቱ ተላቀቀ። ጋቻንጃ ተቀብሎ ቢጫውን በብርጭቆ ወረቀት ይፈትግ ጀመር፤ እሷ ደግሞ አሮጌውን የብርሃን ማንጸባረቂያ ሳህን ሰርስራ ሌንሱን በብሎን አሰረች። ሥራው ሲጥመው ሳይታወቀው ያንጎራጉር ጀመር። ዋሩጉሩ ሰማችው፤ እንዳያቆም ብላ ቀና ብላ እንኳ አላየችውም።

አመሻሹ ላይ ፒክአፑን ከጎረቤት አጥር ፊት አቁመው አበሩት። የግራው ብርሃን አጥሩ ላይ በክር የተሰመረ ይመስል ተዘረጋ። የቀኙ ግን ሽቅብ ተተኩሶ የአቮካዶውን ዛፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ አነደደው። ዛፉ ላይ ለማደር የሰፈሩት ዶሮዎች ተንጫጩ፤ አውራው የነጋ መስሎት ጮኸ።

«ገልብጠሽ ነው ያሰርሽው!» አለ ጋቻንጃ። ሆዱን ይዞ ሲስቅ እንባው ወረደ። ዋሩጉሩ መጀመሪያ አኮረፈች፤ አውራው ደግሞ ሲጮህ ግን እሷም አልቻለችም፤ መኪናው ላይ ተደግፋ ተንከተከተች።

በማግስቱ የቀኙ መብራት ዳግመኛ ምድጃ ገባ። ተፈታ፣ ተቃና፣ ታሸገ። ሲያበሩት የሁለቱም መስመር እኩል ገጠመ።

የልምምዱ ቀን ጉሙ ከወትሮው ቀድሞ ወረደ። ጋቻንጃ ቁልፉን ከምስማሩ አንሥቶ ልጁን ከጎኑ አስቀመጠ። ዋናው መንገድ ላይ ሲወጡ ብርሃኑ በጉሙ ሥር ዝቅ ብሎ አስፋልቱ ላይ ተነጠፈ፤ የመንገዱ ነጭ ቀለም፣ የቦዩ አፍ፣ ዳር ዳሩን የሚሄዱት ሰዎች ሁሉ ወለል ብለው ታዩ። ከፊት የመጣ ሚኒባስ እንኳ ዓይኔን ወጋኸኝ ብሎ አላንባረቀም። ጋቻንጃ መጀመሪያ መሪውን ሙጥኝ ብሎ ነበር፤ ኋላ ትከሻው ረገብ አለ።

«ይሄን ሁሉ ጊዜ በከንቱ ነዋ ያረጀሁት» አለ ቀስ ብሎ።

የልምምዱ ቤት ደጃፍ ላይ ሲታይ መዘምራኑ ዜማውን አቋረጡ። መሪያቸው ንዲሪቱ እጁን በአፉ ጫነ።

«ጋቻንጃ! ሞትህ እኮ ተወርቶ የቀብርህን መዝሙር እየተለማመድን ነበር!»

«እኔ ሳልኖር? ወፍራሙን ድምፅ ማን ሊያወጣላችሁ!»

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ጋቻንጃ ከኋላው ረድፍ ቦታውን ይዞ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ድምፁ ሲወጣ የመስኮቱ መስታወት ንዝር አለ። ዋሩጉሩ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ በእግሯ ምቱን ትመታ ጀመር።

ሲበተኑ ጉሙ መንገዱን እንደጋረደ ነው። በእግራቸው ከሚሄዱት መዘምራን ግማሾቹ ፒክአፑ ጀርባ ላይ ተሳፈሩ። ጋቻንጃ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ከኋላ ካሉት ጋር ዜማ እየተቀባበለ፣ አንዷን ሴት «ቸኮልሽ! ቸኮልሽ!» እያለ፣ የሻይ ማሳውን ቁልቁለት ተያያዘው።