ሀቢሶ ያልመረጠው ማሽን

«ጥይት ነው የሚለው፣ ኤርጎጌ። ሁለቴ አነበብኩት» አሉ የቤተክርስቲያኑ ሽማግሌ ጌዴዎን፣ ወረቀቱን ከዓይናቸው አርቀው እንደያዙ።

ኤርጎጌ መሬት ላይ ከተነጠፈው የሐዘን ፍራሽ ሳትነሳ እጇን ዘረጋች። ባሏ ሀቢሶ እሁድ ጠዋት ልቡ ቆሞ ከሞተ ስድስተኛ ቀኑ ነው። አስከሬኑ ትናንት በአውሮፕላን ወደ አገር ቤት፣ ወደ ሆሳዕና ሄደ። እሷ ግን ከወጣች የምትመለስበት ፔፐር፣ የመኖሪያ ወረቀት ስለሌላት፣ በስደት በሚኖሩበት ሮዘተንቪል ቀርታ ታለቅሳለች። ወረቀቱን ያገኘችው የሚገነዝበትን ሱፍ ስታወጣ ከደረት ኪሱ ውስጥ ነው። ጽሑፉ የራሱ ነው።

«ለቤት የሚሆን የጥይት መሙያ ማሽን። ባለ አንዱ፦ ቀርፋፋ። ባለ አራቱ፦ ፈጣን። እጀታው ይዞራል ወይ? ሐሙስ ልጠይቅ።»

ከግድግዳው ሥር ሁለት ሴቶች ተንሾካሾኩ።

«በአሳይለም፣ በጥገኝነት ወረቀት ለሚኖር ሰው ሽጉጥ አይፈቀድም እኮ። ጥይቱን ለማን ሊሞላ ነው?»

«ቀስ በይ፣ ትሰማሻለች።»

ሰምታለች። ጌዴዎንም ጎንበስ ብለው «ቅደጂው። ፖሊስ ካየው ያንቺም ወረቀት አብሮ ይሄዳል» አሏት።

መቅደዱንም ማስቀመጡንም ፈራች። ሀቢሶ እኮ ጀርሚስተን ያለው ሱቃቸው ውስጥ የገባችውን አይጥ እንኳ አልገደለም። በወጥመድ ይዞ፣ አስፋልቱን አሻግሮ ለቀቃት። እሱ ሳይመለስ አይጧ ቀድማ ገባች። ደንበኞቹ አንድ ወር ሙሉ ሳቁበት። የዛሬ ሁለት ዓመት ዘራፊዎች ሲገቡም መሬት ላይ ተኝቶ «ሁሉንም ውሰዱ፣ ልጄን ብቻ አትንኩ» ብሎ ነው የለመነው። በዚያው ሳምንት ልጃቸው ፊቤ ሽጉጥ መተኮስ ልማር ስትል ኤርጎጌ «ወይ እኔ ወይ ሽጉጥ!» ብላ ጮኸች። እሱ ግን ዳቦውን ይቆርጥ ነበር። ታዲያ ሐሙስ ሐሙስ ዕቃ ላመጣ ብሎ ፎርድስበርግ የሚሄደው ለዚህ ነበር? ከሌባ ጋር ገጥሞ ይሆን? አስፈራርተውት ይሆን?

ከሰዓት በኋላ አንዲት ሻሽ ያሰረች ሴት አንድ ካርቶን ቴምር ይዛ ገባች። ራዚያ እባላለሁ አለች፤ ፎርድስበርግ የሽጉጥና የጥይት ሱቅ አላት። ይህን ስትናገር የግድግዳው ሥር ሴቶች እግራቸውን ሰበሰቡ። ኤርጎጌ እንግሊዝኛው ስለማይገባት እዚህ ተወልዳ የአገሩን መታወቂያ ያገኘችው ፊቤ፣ የሻይ ብርጭቆዋን እንደያዘች አጠገቧ ተቀምጣ ተረጎመች።

«ሐሙስ ሐሙስ ይመጣ ነበር ትላለች። ሁለቱን ማሽኖች ሲነካካ ይቆይና ሻይ ጠጥቶ ይሄዳል። መምረጥ አቃተው። ትናንት መጥቶ ሊነግራት ነበር፤ ሲቀር ደውላ መሞቱን ሰማች።»

«ለማን ነበር የሚገዛው በያት።»

ፊቤ አልጠየቀችም። ራዚያ ግን በራሷ ቀጠለች። ሀቢሶ ያደርግ የነበረውን ስታሳይ በግራ እጇ አየር ላይ እጀታ ይዛ ወደ ታች ጎተተች፤ ደግማ ጎተተች።

«ምን አለች?»

«ምንም።»

«ፊቤ!»

ልጅቷ ብርጭቆውን በግራ እጇ መሬት ላይ አስቀመጠች። ኤርጎጌ ያንን እጅ አየችው። ሕፃን ሳለች በቀኝሽ ብዪ እያለች ስንቴ መትታዋለች። ከምግብ በቀር ሁሉን ነገር አሁንም በግራዋ ነው የምትሠራው። ሀቢሶ ግን ቀኝ እጁን ነበር የሚጠቀመው። እጀታው ይዞራል ወይ ብሎ የጻፈው ለዚህች ግራ እጅ ነው።

«ቅዳሜ ቅዳሜ የምሄደው የመዘምራን ልምምድ አልነበረም፣ እማዬ» አለች ፊቤ። «ተኩስ ክለብ ነው። ፈቃድ አለኝ። ወረቀት ላይ ነው የምንተኩሰው፤ የቀረውን ባዶ ቀልሃ ደግሞ ቤት ወስደን እንደገና በባሩድ እንሞላዋለን፣ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው። አባዬ ውጭ መኪና ውስጥ ጆሮውን ይዞ ይጠብቀኝ ነበር።»

«ሁለታችሁም! አንድ ቤት ውስጥ!» ማንን እንደምትቆጣ አላወቀችም፤ አንዱ የለም። «በቃ፣ ከእንግዲህ አትሄጂም። አንቺንም ልቅበር?»

«ሰኞ ያንን የተዘረፈ ሱቅ ማን ሊከፍተው ነው፣ እማ? አንቺ?»

ኤርጎጌ ወደ ራዚያ ዞረች።

«ጠይቂልኝ» አለች። «ለምን መምረጥ አቃተው?»

ራዚያ ረዘም አድርጋ ተናገረች። አሁን ፊቤ አንድም ቃል ሳታስቀር ተረጎመች።

«ባሩዱ ሁለቴ ቢገባስ? ሽጉጡ እጇ ላይ ቢፈነዳስ? ዓይኗንስ ቢነካት? በየሳምንቱ ይህንኑ ነበር የሚጠይቃት። ፈጣኑ ባለ አራቱ የመሙላቱን አራት ሥራዎች ስለሚያፈራርቅ ሐሳብ ከሄደ ያሳስታል። ባለ አንዱ ላይ እያንዳንዷን ጥይት በዓይን እያየሽ ትሞያለሽ። ግን ጊዜ ይፈጃል፤ ልጄ ደክሟት ነው የምትገባው እያለ ይመለስ ነበር።»

ቢፈነዳስ፣ ቢነካትስ የኤርጎጌ ቃላት ናቸው። እሷ ስትናገር ግን እሱ ሁልጊዜ «ተይ እንግዲህ፣ ምንም አይመጣም» ነበር የሚላት። አስራ ስምንት ዓመት ሙሉ በዚህ ቤት የምፈራው እኔ ብቻ ነኝ ብላ ኖራለች።

«ቀርፋፋውን በያት» አለች።

«እማ?»

«የሚዘገየውን። በያት።»

ራዚያ ራሷን በእሺታ ነቀነቀች። ማሽኑ የማይነቃነቅ ጠረጴዛ ላይ መታሰር አለበት አለች።

ኤርጎጌ ከፍራሹ ተነሳች።

«ሐዘኑ ገና አላበቃም፣ ተቀመጪ» አሉ ጌዴዎን።

አልሰማቻቸውም። ጥግ ወዳለው የምግብ ጠረጴዛ ሄዳ የለቀስተኛውን ብርጭቆ አንድ በአንድ መሬት አወረደች። ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ገፋችው፤ ተወዛወዘ። ከዚያ ተንበርክካ ከሥሩ ገባች፣ የላላውን እግር ጥብቅ አድርጋ ያዘች፣ ፊቤም ይነቃነቅ እንደሆነ ከላይ እስክትገፋው ጠበቀች።