የዱቄቱ መርዝ

አቶ ኃይለሚካኤል የታሰሩት በዱቄት ነው። ወሎ ሰፈር ካለው የቀበሌ ሱቅ ያከፋፈሉትን ዱቄት የበሉ ሰዎች እንደ ሰካራም እየተንገዳገዱ ወደቁ፤ ሁለቱ ሞቱ። «ፀረ አብዮተኛ ናቸው፤ ፀረ ተባይ ቀላቅለውበታል» ተባለ። በደርግ ጊዜ እንዲህ የተባለ ሰው ከጥይት የሚያመልጠው ስንቱ ነው?

የሾላዋ እህል ነጋዴ እትዬ ዘርፌ ዱቄቱን በምላሳቸው ነካ አድርገው «ኧረ እንክርዳድ ነው! ስንዴው ሳይበጠር ተፈጭቶ ነው» ብለው ነበር። መርማሪው ጓድ እሸቴ ግን ሳቀባቸው። «ተረቱን ይተዉትና ሳይንስ አምጡ» አለ።

የአቶ ኃይለሚካኤል ልጅ ፀሐይነሽ ኬሚስት ናት። ከዱቄቱ ያወጣችውን ንጥረ ነገር በአንድ መምህሯ በኩል ውጭ አገር ላከች። እዚያ ያለው መሣሪያ ሞለኪውሉን ሰባብሮ እያንዳንዱን ስባሪ በክብደቱ ይለያል። ከአራት ወር በኋላ ረጃጅምና አጫጭር መስመሮች ያሉበት አንድ ወረቀት መጣላት። ስባሪውን አይቶ ገንቦውን ማወቅ እንግዲህ የእሷ ፋንታ ነው።

ቦሌ መንገድ አንድ መሥሪያ ቤት ለምና፣ በሳምንት አንድ ሰዓት ኮምፒውተር ተፈቀደላት። ፀረ ተባዩንም የእንክርዳዱንም መርዝ እዚያ ውስጥ በስሌት ሰበረቻቸው፤ ስባሪያቸውን ከወረቀቱ መስመሮች ጋር ልታመሳክር። ለኮምፒውተሩ ትእዛዝ በቀዳዳ ከሚጻፍባቸው ካርዶች አንዱን ከተሳሳተች ሳምንቱ ከንቱ ቀረ ማለት ነው፤ አባቷ ደግሞ በየሳምንቱ እየከሱ ነው። በመጨረሻ የፀረ ተባዩ ስባሪ ከወረቀቱ ጋር አልገጥም አለ፤ የእንክርዳዱ አንድም ሳይቀር ገጠመ። በደስታ አለቀሰች።

ሪፖርቱን እንደ ተማረችው ጻፈችው፤ መጀመሪያ ግኝቱን፣ ከዚያ ምክንያቱን።

ጓድ እሸቴ የመጀመሪያዋን መስመር ጮክ ብሎ አነበበ። «በዱቄቱ ውስጥ ሰው የሚገድል መርዝ ተገኝቷል።» ወረቀቱን አጠፈው። «ጎበዝ! የገዛ ልጁ መሰከረችበት።»

«ይቀጥሉ እንጂ ጓድ! የእንክርዳድ መሆኑ ሁለተኛው ገጽ ላይ አለ!»

«ሁለተኛው ገጽ ለእናንተ ለምሁራኑ ነው» አለና ማኅተሙን መታበት።

የፈሩት ይደርሳል። በሳምንቱ ስንቅ ይዛ ስትሄድ ዘበኛው ሳህኑን አልተቀበላትም፤ የአባቷን ኮትና ጫማ አስታቀፋት። «ከእንግዲህ ስንቅ አታምጪ» አላት።

አብረዋት የመጡት እትዬ ዘርፌ ደግፈው ያዟት።

«ምነው እትዬ፣» አለች፣ «እንደርስዎ ቀምሼ ብቻ ባወራሁ! ምነው ባልጻፍኩት!»