የዓርብ ኬክ የበሉት አሳማዎች

በመላው የዴንማርክ ዩትላንድ እንደ እኔ አሳማ የሚያውቅ ሰው አልተፈጠረም። እኔ መጋቢያቸው በረት ስገባ አሳማዎቹ ብድግ ብለው ይቀበሉኛል፤ ለዶክተር ቦዲል ግን ጆሮውን እንኳ የሚያነሳላት የለም። እሷ ናት የከፊሎቹን ዘረመል ቀይራ የደም ቧንቧቸው እንደ ሰው በስብ እንዲደፈን ያደረገችው፤ የልብ መድኃኒት የሚሞከረው በእነሱ ላይ ነው። አጠገባቸው ያሉት ማንም ያልነካቸው ተራ አሳማዎች ናቸው። የእነሱ ሥራ ጤነኛ ሆኖ መታየት ነው፣ ለማነጻጸሪያ። በሁለቱ መካከል ልዩነት ካልታየ ገንዘብ ሰጪዎቹ የምርምር ቤቱን ሊዘጉት ቆርጠው ነበር።

እኛ ጋ ዓርብ ዓርብ ኬክ ይበላል። ተረኛው ይጋግራል፣ ማንም አይዘለልም፤ ዴንማርካዊ ከኬክ ከሚዘለል ደሞዙ ቢዘለል ይቀለዋል። እኔ የጋገርኩ ዕለትማ ሽታው ጀርመን ድረስ ይሄዳል። ታማሚዎቹ በልክ ስለሚመገቡ አልነካኋቸውም። ተራዎቹስ ባልደረቦቻችን አይደሉም እንዴ? የተረፈውን በየሳምንቱ አካፈልኳቸው።

የምርመራው ውጤት የወጣ ቀን ቦዲል ፊቷ አመድ መስሎ በረቱ በር ላይ ቆመች።

«ፕሬበን፣ ተራዎቹ ከታማሚዎቹ ብሰው ተደፍነዋል።»

«ዘረመላቸው ነዋ» አልኳት።

«ዘረመላቸውንማ ማን ነካው? ምን አበላሃቸው?»

«ምን አበላቸዋለሁ፣ ያው ዓርብ ሲሆን…»

«ኬክ?»

«እንደዋዛ ኬክ አትበይው እንጂ፣ የለውዝ ነው።»

«ሥራዬን በለውዝ ገደልክብኝ በለኛ። ነገ ሊዘጉን ይመጣሉ።»

«ምን ገደልኩት? አንቺ በላቦራቶሪ ስንት ዓመት የለፋሽበትን እኔ በአንድ መጋገሪያ ትሪ ጨረስኩልሽ።»

አልሳቀችም። መጀመሪያ ፊቴን፣ ቀጥሎ ረዘም አድርጋ ቦርጬን አየች።

በማግስቱ ለገንዘብ ሰጪዎቹ የእኔኑ ቃል አሳምራ ነገረቻቸው፦ ዘረመል የሠራውን ኬክም ሠርቶታል፣ አሁን ሁለቱን ማወዳደር አለብን አለች። ሊዘጉ የመጡት ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። አንደኛው ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ለመሆኑ ከኬኩ የተረፈ ይኖራል?» አለ። ሁለት ሁለት ቁራሽ በልተው ምርምሩ እንዲቀጥል ፈቀዱ።

ይኸው ዛሬ እኔ የምርምሩ ኬክ ጋጋሪ ነኝ፤ በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ሹመት ያለው ሰው አልሰማሁም። ዓርብ ዓርብ ኬኩን በሚዛን እየለካሁ ለተራዎቹ አድላለሁ። ቦዲል የእኔንም ደም አስመርምራ፣ «አንተማ ከሁሉም ትብሳለህ» ብላ ፍርፋሪውን እንኳ ከልክላኛለች። የአጃ ገንፎዬን ይዤ በረቱ በር ላይ ቆሜ እበላለሁ።

አሳማዎቹ አሁንም ብድግ ብለው ነው የሚቀበሉኝ። ዓይናቸው ግን ከትሪው ላይ አይነሳም።