የአባቴ ጉበት በስብሰባ ላይ

ዶክተሯ እንዳሉን ከሆነ፣ በአባቴ ጉበት ላይ ያለውን የካንሰር እጢ ያሳነሰው መድኃኒቱ ነው። እጢው ግን አልጠፋም፤ ለቀዶ ጥገና የሚመች ሆነ እንጂ። በቀጠሮው ቀን፣ ሐሙስ፣ ካልወጣ ተመልሶ ሊያድግ ይችላል። የሰፈራችን የአንድ ለአምስት መሪ ወይዘሮ አሰጋሽ እንዳሉት ከሆነ ደግሞ፣ እጢው በቡድኑ ያላሰለሰ ክትትል ተሸንፏል። አባቴ አቶ ዱጉማም ድኗል፤ ሐሙስ በወረዳው አዳራሽ ሞዴል ታካሚ ሆኖ ተሞክሮውን ያካፍላል።

የወይዘሮ አሰጋሽን ውለታ ግን አልክድም። ኪኒኑ የአባቴን መዳፍና ውስጥ እግር ልጦት «ከዚህስ በሽታው ይሻለኛል» ብሎ ሲያቆም፣ ጠዋት ማታ እየመጡ ያስዋጡት እሳቸው ናቸው። እኔ የካንሰርን ጠባይ ከኢንተርኔት አንብቤ አስረዳው ነበር። እሳቸው «አፍዎን ይክፈቱ» አሉት፤ ከፈተ።

ችግሩ፣ አባቴ ዳነ መባሉን መውደዱ ነው። ዕድሜውን በአቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የጨረሰ ሰው ነው፤ ማሽን አይፈራም፣ የሐኪም ቢላ ግን ይፈራል። ባጃጅ ውስጥ ሰዎች «እንኳን ለዚህ አበቃዎት» ሲሉት ወደ እኔ ዞር ብሎ «ሰማህ?» ይለኝ ጀመር።

ማክሰኞ ቡድኑ በወይዘሮ አሰጋሽ ግቢ ተሰበሰበ። አጀንዳው አንድ ነበር፤ ጉበት።

«ቀዶ ጥገናውን አልተቃወምንም» አሉ ወይዘሮ አሰጋሽ። «ይራዘም ነው የምንለው። ሞዴላችን ሐሙስ ሆስፒታል ከተኛ ወረዳውን ምን ልንለው ነው? ድኗል ብለናል እኮ።»

«እጢው ስብሰባ እስኪያልቅ አይጠብቅም» አልኩ።

«ልጄ፣ አንተ የተማርክ ነህ። እጅ አውጥተህ ተናገር።»

እጄን አወጣሁ።

«ዕድሉን በኋላ እሰጥሃለሁ» አሉኝ።

የባቡር ጡረተኛው ጋሽ ወልደሚካኤል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «በሁለት ምዕራፍ ቢሠራስ? ግማሹ አሁን ቢወጣ፣ ግማሹ ከአዳራሹ በኋላ።»

«ማሻሻያ ሐሳብ ነው?»

«አይ፣ ጥያቄ ነው።»

«እንግዲያው ወደ ድምፅ እንግባ። ቀዶ ጥገናው ይራዘም የምትሉ?»

የአምስቱም አባላት እጅ ወጣ። አምስተኛው የአባቴ ነበር። ደግሜ አየሁት፤ አዎ፣ የሱ ነው። ክፋት የለበትም፤ ሰብሳቢ ሲጠይቅ እጁ ብቻውን ይወጣል። በደርግ ጊዜም እንዲሁ ነበር።

«አባዬ፣ በምን ላይ እጅህን እንዳወጣህ አውቀኸዋል?» አልኩት። ዕድል ሳይሰጠኝ።

ቀና ብሎ እጁን አየ። ኪኒኑ የላጠው መዳፉ ገና ቀይ ነበር፤ አዲሱ ቆዳ በየቦታው ብቅ ብሏል። የሌላ ሰው እጅ ይመስል ትንሽ ሲያየው ቆየና አወረደው።

«ተቃውሞ?» አሉ ወይዘሮ አሰጋሽ፣ ለወጉ ያህል። በዚህ ቡድን ተቃውሞ ታይቶ አያውቅም።

አባቴ ያንኑ እጁን መልሶ አነሳ።

«አሰጉ፣ ያን ሁሉ መራራ ያስዋጥሽኝ እጢው ትንሽ ሆኖ እንዲወጣ አልነበረም? እኔ እፈራለሁ፤ አልዋሽሽም። ቢሆንም ሐሙስ ሆስፒታል ነኝ። አዳራሹ ውስጥ አንቺው ቆመሽ ተናገሪ።»