እኔ ጋ ይሠራል

እንዲህ ያለ ሰው በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። የፕሮግራም ጸሐፊዎቹን አለቃ ነው የምላችሁ። ስሙን ትተን «እኔ ጋ ይሠራል» ነበር የምንለው፤ ምን ተበላሸ ብትሉት መልሱ እሷው ናታ!

የእኔ ሥራ ቀላል ነው። ጥግ ባለችው ክፍል አንድ ኮምፒውተር አለኝ። ጠዋት ጠዋት ያለበትን ሁሉ እጠርግና፣ ዛሬ ከካርቶን የወጣ አስመስዬ፣ እነሱ የጻፉትን ፕሮግራም እጭንበታለሁ። ኮምፒውተሩ ከሌላ ማሽን ጋር አይገናኝም። ደንበኛው ቤት የሚጠብቀን እንዲህ ያለ ባዶ ኮምፒውተር ነዋ። ከሠራ እፈርማለሁ፣ ካልሠራ አልፈርምም።

ሰኞ ለሆስፒታል የሚላከውን የተራ መስጫ ፕሮግራም ጫንኩት። ገና ሲከፈት «አንድ ፋይል አልተገኘም» ብሎ ቀጥ አለ። ከሥሩ «ዝርዝር» የምትል ቁልፍ አለች። ተጫንኳት፣ አነበብኩ፣ አፌን በእጄ ያዝኩ። የሰው ገመና ነው ብዬ ቶሎ ዘጋሁት።

«አለቃዬ፣ እባክዎ ዝርዝሩን ይዩት» አልኩት ሄጄ።

«እኔ ጋ ይሠራል!»

«ብቻዎን ሆነው ይዩት፣ ለእርስዎ ብዬ ነው።»

«የገዛ ሥራዬን ልታስነብቢኝ? ያንቺ ማሽን ባዶ ስለሆነ ነው። ከእኔ ላፕቶፕ ሁሉንም ገልብጪበት።»

«ታዲያ እርስዎንም ጠቅልለን ለሆስፒታሉ እንላካ!»

አልሳቀም። «ውልሽ ዓርብ ያልቃል አይደል? የሚያድሰው ማን መሰለሽ? ፈርሚ» አለኝ።

ምሳ ሰዓት ለእናቴ ደወልኩ። «ልጄ፣ በዝግ አፍ ዝንብ አይገባም። አርፈሽ ፈርሚ» አለች። ሁለት ልጆች ለብቻዬ ነው የማሳድገው፤ ፈራሁ፣ አልዋሽም። ግን በሽተኛ ተራ የሚጠብቅበትን ነገር፣ እንደማይሠራ እያወቅኩ? እጄ እምቢ አለኝ።

ሐሙስ ሥራ አስኪያጇን፣ የእሱንም አለቃ፣ እየመራ መጣ፤ ፊቷ ሊያዋርደኝ። «ሥራ የምታጓትተው ይቺ ናት» አላት። ባልደረቦቻችን በሩ ላይ ተኮለኮሉ።

«አለቃዬ፣ ይቅርብዎ» ብዬ ለሦስተኛ ጊዜ ለመንኩት።

«አሳዪያት እንጂ! ምን ያስፈራሻል?»

ሥራ አስኪያጇ መነጽሯን አድርጋ «ዝርዝር»ን ራሷ ተጫነች። ጮክ ብላም አነበበች፦ «የፊደል ፋይሉ አልተገኘም። የተፈለገበት ቦታ፦ የግል ሰነዶች፣ ‹ከዚች ሴትዮ መገላገያ›፣ የሥራ ማመልከቻዎች።»

ለካ ሰውዬው ማመልከቻውን ያሳመረበትን የፊደል ቅርጽ ወዶት፣ ፕሮግራሙም ከዚያው ፎልደር እንዲወስድ አድርጎታል! እሱ ላፕቶፕ ላይ ፎልደሩ አለ፣ ይሠራል። ሌላ የትም የለም።

«ሴትዮዋ ማን ናት?» አለችው ቀስ ብላ።

«እ... እሱ እኮ... እኔ ጋ ይሠራል...»

«አንተ ጋማ ይሠራል» አለች መነጽሯን እያወለቀች። «አንተ ግን ከዛሬ ጀምሮ እኔ ጋ አትሠራም።»

ውሌን በማግስቱ እሷው ፈረመችልኝ። ሐሙስ ከሰዓት ግን ቢሮው ውስጥ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ የፎልደሮቹን ስም ይቀይር ነበር። እኔም ጭምር።